ፓስወርዱ ሼሁ ጋ ነው

ይህ የሆነው በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ነው። ዓመታት ቢያልፉም አይረሳኝም፤ ምክንያቱም በገዛ እጄ የሠራሁት ሲስተም ባለበት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ትእዛዝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የቆምኩበት ቀን ነው። ተማሪ ሆኜ እንኳ እንዲህ ተቀጥቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከራሴ ልጀምር። የደሴ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አንድ ዓመት ያህል ቤተሰብ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከአረብ አገር የተመለሱ ወጣቶችን ሙያ የሚያሠለጥን አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት በኮንትራት ቀጠረኝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ ነበር፤ በየወረዳው ደግሞ ትንንሽ ቅርንጫፎች ነበሩት። እስከዚያ ድረስ የሠልጣኞች ፋይል ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጥቶ ነበር የሚላከው። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ አቀስታ ከሰው ዕቃ ጋር ወርዶ ይቀራል። የእኔ ሥራ ይህን ወደ ኢንተርኔት ማምጣት ነበር። ቅርንጫፉ ይመዘግባል፣ የቅርንጫፉ አስተባባሪ ያጸድቃል፣ ፋይሉ ደሴ ይደርሳል፤ ይኸው ነው።

የምዝገባውን ክፍል በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። መግቢያውን ግን፣ ማለትም ሰው ስሙንና ፓስወርዱን አስገብቶ የሚያልፍበትን በር፣ ሁለት ወር ፈጀሁበት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የዓለም ሌባ ሁሉ የመካነ ሰላምን ፋይል ለመስረቅ ያደባ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፓስወርድ ከዐሥር ፊደል እንዳያንስ አደረግኩ። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይቀላቀልበት አልኩ። በየወሩ ይቀየር፣ የቀድሞው አይደገም አልኩ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ሃያ አራት ሰዓት ይዘጋበታል። ፓስወርዱ ጠፍቶበት አዲስ የተሰጠው ደግሞ መግባት ይችላል እንጂ ሃያ አራት ሰዓት እስኪሞላው ምንም ነገር ማጽደቅ አይችልም። ይቺን የመጨረሻዋን ከየት እንዳነበብኳት እንኳ ረስቻለሁ። ወደድኳት፣ ጨመርኳት።

ሥልጠና ልሰጥ መካነ ሰላም ስሄድ ስድስቱን ሠራተኞች አስቀምጬ ሰበክኳቸው። ፓስወርድ ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም አልኩ። አስተባባሪው አቶ ጌታቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ ጎልማሳ ናቸው፣ እጃቸውን አወጡ።

«ለሚስትም?» አሉ።

«ለሚስትም» አልኳቸው።

«ወላሂ?»

ሁሉም ሳቁ። አቶ ጌታቸው የማርያም ማኅበር ጠጪ ናቸው፤ ግን ወሎ ውስጥ ወላሂ ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም።

የጥበቃ ሠራተኛው ሼህ እንድሪስም በሩ አጠገብ ተቀምጠው መስበሃቸውን እየቆጠሩ ያዳምጡ ነበር። ሼህ የሚባሉት እንዲያው ለማክበር ያህል አይደለም። ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ፣ ከሥራ ሲወጡ የሰፈሩን ልጆች የሚያቀሩ አዛውንት ናቸው። እኔ ግን ያን ቀን ልብ ብዬም አላየኋቸው። ጥበቃ ፓስወርድ አይሰጠውም፤ ምን አገባቸው ብዬ ነበር።

ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር ከየቅርንጫፉ የሚደወለው ስልክ አላስቀምጥ አለኝ። አንዱ «ረሳሁት» ይላል፣ አንዱ «ተዘጋብኝ» ይላል፣ አንዷ ደግሞ «ትናንት የቀየርኩትን ዛሬ አላስታውሰውም፣ ከትናንት ወዲያ የነበረው ይመለስልኝ» ብላኛለች። ከመካነ ሰላም ግን አንድም ስልክ የለም። በሦስት ወር ውስጥ አንድም የረሳ፣ አንድም የተዘጋበት ሰው ጠፋ። ይህንን ለአለቃዬ ስነግረው ዓይኑ በራ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ምርጥ ተሞክሮ ካልቀመረና ካላሰፋ እንቅልፍ የማይወስደው ዘመን ነበር፤ መንግሥታዊ ያልሆኑትም ተጋብቶባቸው ነበር። «ሂድና ተሞክሮውን ቀምረህ አምጣ» አለኝ።

እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ለአንድ ሳምንት ወረድኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት በር ላይ ቆሜ አንድ ነገር አየሁ። ሠራተኞቹ ሲገቡ አንድ በአንድ ሼህ እንድሪስ ጋ ቆም ይላሉ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ሼሁ የሆነ ነገር ሹክ ይሏቸዋል። እነሱም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ወደየኮምፒውተራቸው ይጣደፋሉ። ዱዓ እያደረጉላቸው መሰለኝ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ማየት ደስ ይላል፤ ማስታወሻዬ ላይ «የሠራተኛው ሥነ ምግባር የሚመሰገን ነው» ብዬ ጻፍኩ።

በሄድኩ በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነው፣ የዚያ ዙር ሠልጣኞች ዝርዝር የሚዘጋበት ቀን ነበር። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሲስተሙ በራሱ ይዘጋል። አቶ ጌታቸው የነበረውን ሁሉ አጽድቀው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ለቅሶ ሄደዋል። የእህታቸው ባል ሞቶ ነው፤ አገሩ ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ነው፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር አብሮ አይወርድም።

የቀረው ፋይል አንድ ብቻ ነበር፤ የዘሀራ።

ዘሀራ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሪያድ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ፣ ያ ሁሉ ሰው ከሳውዲ በተመለሰ ጊዜ እሷም በአንዲት ሻንጣ ተመልሳለች። ኮምቦልቻ ለሚሰጠው የዘጠኝ ወር የኤሌክትሪክ ሥራ ሥልጠና ተመርጣ የሐኪም ወረቀት ብቻ ጎድሏት ነበር። ወረቀቱ ያን ዕለት ከደሴ በመጣው አውቶቡስ ደረሰና እሷም እያለከለከች ይዛው መጣች። እናቷ ወይዘሮ ሐዋ ከኋላዋ ነበሩ።

መረጃ የምትመዘግበው ብርቱካን ወረቀቱን አስገባች። ፋይሉ ሞላ። ማጽደቂያውን መጫን የሚችለው ግን የአቶ ጌታቸው አካውንት ብቻ ነው።

«ችግር የለም፣ በሚቀጥለው ዙር ትገባለች» አልኩ፣ ነገሩን ቀለል አድርጌ።

ወይዘሮ ሐዋ ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ለእሷ የሚቀጥል ዙር የለም። አረብ አገር የሚወስዳቸው ደላላ ስሟን ጽፎ ይዟል። እሑድ ሊወጡ ነው፤ በረሃውን በእግር፣ ከዚያ በባሕር። ይሄ ከተሳካ እቀራለሁ ብላኛለች፤ ካልተሳካ ግን እኔን አትሰማም።»

ዘሀራ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «እውነቷን ነው» አለች። «እናቴ ላይ ተቀምጬ መብላት አልችልም።»

ያቺ «ችግር የለም» ያልኳት ቃል አሳፈረችኝ። ወንበር ስቤ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ለአቶ ጌታቸው አካውንት አዲስ ፓስወርድ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ሰዓቷ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ የወደድኳት። ዛሬ ብሰጥ ማጽደቅ የሚችለው ነገ ነው። ሰርቨሩን ገብቼ እንዳልነካ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት በፊርማ አስረክቤአለሁ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ያንተው ሕግ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሰርቨሩን የተረከበው ባለሙያስ ብለው አዲስ አበባ ሄዶ ሰኞ እንደሚመለስ ነገረኝ። ፓስወርዱን ልገምት ብዬም አሰብኩ። የሚስታቸው ስም ይሆን? የማኅበሩ ቀን? ሦስት ጊዜ ብሳሳት ይዘጋል። የፈራኋቸው ሌቦች ቢመጡ ምን ያህል እንደሚቸገሩ ያን ቀን ገባኝ። በሩ ጥሩ በር ነበር፤ እኔም መግባት አቃተኝ።

ብርቱካን አጠገቤ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች።

«አንድ ነገር ብነግርህ አትቆጣም?» አለች።

«ምን?»

«ፓስወርዱ ሼሁ ጋ ነው።»

«የማን ፓስወርድ?»

«የአቶ ጌታቸው።» ቀጥላም «የሁላችንም» አለች።

ለካ ያ ሁሉ የጠዋት ሹክሹክታ ዱዓ አልነበረም። በየወሩ የሚቀየረው ፓስወርድ ማንም ጭንቅላት ውስጥ አልቆም ሲል ስድስቱም ተራ በተራ ሼህ እንድሪስ ጋ በአደራ አስቀምጠውታል። ሼሁ አንዴ የሰሙት አይጠፋቸውም። ጠዋት ጠዋት ለየባለቤቱ በጆሮው እየመለሱ ወደ ሥራ ያስገቡታል። ሦስት ወር ሙሉ የአንዱን ለሌላው ተሳስተው እንኳ አልነገሩም።

«ለማንም አትንገሩ አላልኩም?» አልኳት።

«አልተናገርንማ» አለች፣ ከልቧ ተገርማ። «አማና ነው የሰጠነው። አማና መስጠት መንገር ነው እንዴ?»

ተሞክሮው የት ጋ እንዳለ ቢያንስ ታወቀ። በሩጫ ወደ አጥሩ በር ወጣሁ፤ እናትና ልጅም ተከተሉኝ።

ሼህ እንድሪስ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም ልጄ። የሰው አማና ነው።»

«ሼህ፣ ሲስተሙን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«አላህ ይባርክልህ። አማናው ግን የጌታቸው ነው።»

ተከራከርኩ። የዋና መሥሪያ ቤቱን ስም ጠራሁ፣ ደንብ ጠቀስኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሼሁ በትዕግሥት ሰሙኝና ምንም እንዳልተናገርኩ ሁሉ ወደ ወይዘሮ ሐዋ ዞሩ። ጎረቤታቸው ናቸው፤ ዘሀራንም በልጅነቷ ያቀሯት እሳቸው ናቸው።

«ሼሁ፣ ልጅቱን ያውቋታል» አሉ ወይዘሮ ሐዋ፣ ድምፃቸው እየተቆረጠ። «ባሕር ሊበላት ነው።»

ሼሁ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሲቸገሩ ይታያል። «ሐዋ፣ ዛሬ ላንቺ ብዬ የጌታቸውን ባወጣ፣ ነገ ያንቺን ማን ያስቀምጥብኛል? ባለቤቱን ፈልጉልኝ። በራሱ አንደበት ይፍቀድና እኔ በነፍሴም ቢሆን እሠራዋለሁ።»

ባለቤቱ ያለው ገደል ሥር ነው። ብርቱካን ግን የማታውቀው ሰው የለም። በረሃው አፋፍ ላይ ስልክ የሚሠራለት አንድ ባለሱቅ አግኝታ ለመነችው። ባለሱቁም በቅሎ ያለው ሰው ፈልጎ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሰደደ። ከዚያ በኋላ የቀረን መጠበቅ ነው። ሼህ እንድሪስ ጁምዓ ደርሶ ወደ መስጊድ ሄደው ተመለሱ። ዘሀራ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እናቷ አንዴ ይነሳሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ። እኔ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፤ ሲስተሙ እንዳይሳሳት ብዬ ሰዓቱን ከሴኮንድ ጋር ያስተካከልኩት እኔው ነኝ።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። ብርቱካን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ነፋስ ይነፍሳል፣ አንድ የተቆራረጠ የወንድ ድምፅ «ጌታቸው ነኝ» ይላል።

እኔ ዘልዬ «አቶ ጌታቸው፣ ፓስወርድዎን ይንገሩኝ» አልኩ።

«እኔማ አላውቀውም፣ ሼሁ ጋ ነው» አለ ድምፁ።

ሼህ እንድሪስ በእጃቸው ገለል አደረጉኝ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ድምፅህ አይለይም። ጌታቸው ለመሆንህ ምን ምልክት አለህ?» አሉ።

«ምን ዓይነት ምልክት ሼሁ? አፋፍ ላይ ወጥቼ ልቤ ሊፈርስ ነው።»

«መጀመሪያ አማናህን የሰጠኸኝ ቀን የተባባልነውን ንገረኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን።»

«'ሚስትህ ጋ ለምን አታስቀምጥም' ብለውኝ ነበር» አለ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ሼሁ፣ ሰው ይሰማል እንዴ?»

«ይሰማል።»

«'ታማኝስ ታማኝ ናት፤ ግን ስትቆጣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል' ብያለሁ።»

ብርቱካን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ሼህ እንድሪስ አልሳቁም። «እሱ ነው» አሉን። ቀጥለውም በተለወጠ ድምፅ «ጌታቸው፣ አላህ ያጽናህ። እህትህንም አጽናልኝ» አሉት። እስኪያረጋግጡ ድረስ ማጽናናቱን እንኳ ይዘውት ነበር። እኔ ይህንን የሰውን ማንነት ማረጋገጥ የሚባል ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬዋለሁ፤ ሼሁ ከማን እንደተማሩት አላውቅም።

አቶ ጌታቸው የዘሀራን ፋይል ያውቁታል። የሐኪሙ ወረቀት መግባቱን ጠየቁ፣ ብርቱካን መግባቱን ነገረቻቸው። «እንግዲያው ሼሁ ይክፈቱልኝና አጽድቁላት፤ እኔ ስልኩን አልዘጋም» አሉ።

በሩ ተከፈተ ብዬ ኪቦርዱ ላይ እጄን ዘረጋሁ። ሼሁ ያዙኝ።

«አንተ አይደለህም። እኔ እንድከፍት ነው የፈቀደው።»

«ኪቦርድ ነክተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ኤቢሲዲን ግን የልጅ ልጆቼን ሳስጠና ለምጃታለሁ። ሌላው ሰው ይውጣ። አንተ ስቸገር እንድትነግረኝ ቅር። ፊትህን ግን ወደዚያ አዙር።»

እንዲህ ነው ግድግዳው ጋር የተፋጠጥኩት። አጠገቤ የተለጠፈው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ሰንጠረዥ ነበር፤ እስከ ዛሬ ስሞቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ከኋላዬ የሼሁ አመልካች ጣት አንድ ፊደል ትመታለች፣ ረጅም ጊዜ ትጠፋለች፣ ሌላ ትመታለች።

«ይሄ ፊደል በተራው የለም እኮ። ማነው እንዲህ የበተነው?» አሉ።

«ፈረንጆች ናቸው ሼህ። ይፈልጉት፣ ሁሉም አለ።»

ለረጅም ጊዜ ፈለጉ። በመጨረሻ የምታስገባዋን ቁልፍ ሲጫኑ ሰማሁ።

«ቀይ ጽሑፍ መጣ። 'ስህተት፤ ሁለት ዕድል ቀርቶዎታል' ይላል።»

ያንን ቀይ ጽሑፍ ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ረጋ ብለው ይድገሙት» አልኳቸው። ደገሙት። ሰዓቱ ዐሥር ተኩል አልፏል። ብስሚላህ ብለው ተጫኑ።

«አሁንም ቀይ ነው። አንድ ይላል።»

ከስልኩ የአቶ ጌታቸው ድምፅ «ሼሁ፣ አብሽሩ፣ አይቸኩሉ» ይላል። ከበሩ ውጭ የወይዘሮ ሐዋ ዱዓ ይሰማኛል። ሼሁ መቼም ፊደል አይረሱም፤ ስለዚህ የተሳሳተው ሌላ ነገር ነው። ግን እንዳላይ ቃል ገብቻለሁ፣ ፊደሉንም መጠየቅ አልችልም።

«ሼህ፣ ትልቅ ፊደል አለበት አይደል? እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«ብርቱካን ስትወጣ ያሳየችኝን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ከዚያ ፊደሏን እመታለሁ።»

«ቁልፉን ሲጫኑ ይዘውት ይቆያሉ ወይስ ይለቁታል?»

«እለቀዋለሁ እንጂ። በር የሚከፍት ሰው ቁልፉን አዙሮ ይለቅ የለም እንዴ?»

እፎይ አልኩ፣ ከግድግዳው ሳልዞር። በአንድ እጅ ይዘው በሌላው እንዲመቱ ነገርኳቸው። ምልክቷንም እንደዚያው። ሦስተኛው ሙከራ ዐሥራ አምስት ደቂቃ የፈጀ ይመስለኛል። አንዷን ፊደል በመቱ ቁጥር እኔ ውስጤ አብሮ ይመታል። በሕይወቴ ሌላ ሰው ስለሚሆነው ነገር እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም ነበር። ዘሀራን ያወቅኳት ያን ዕለት ነው፤ ሆኖም ይህች ልጅ በእኔ ሃያ አራት ሰዓት ምክንያት ባሕር ከገባች ምን ብዬ እኖራለሁ እያልኩ ነበር።

ቁልፏ ተጫነች።

«ሼህ?»

«አረንጓዴ ነው። ግን ችግር አለ።»

«ምን ችግር?»

«'እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ጌታቸው' ይላል። እኔ ጌታቸው አይደለሁም። ምን ልበለው?»

ከስልኩ አቶ ጌታቸው ቀደሙኝ፤ «ፈቅጃለሁ ሼሁ፣ ስለ እኔ አሚን ይበሉት» አሉ። ሼሁም «አሚን» አሉት፣ ለኮምፒውተሩ። ብርቱካን ተጠርታ ገባች፣ ማጽደቂያውን ተጫነች። ለዐሥራ አንድ ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ይቀር ነበር።

ወይዘሮ ሐዋ ሲነገራቸው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዘሀራ የእናቷን ትከሻ ይዛ ወደ መንገዱ አየች። ደስ አላት ለማለት አልደፍርም፤ ያን ጊዜ ፊቷ ምንም አይናገርም ነበር።

ሼህ እንድሪስ ወደ በራቸው ሲመለሱ ተከተልኳቸው። እንዲህ ያለው አሠራር ክልክል መሆኑን እንዲያው ለደንቡ ያህል ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «በሥልጠናው ቀን ሰምቼሃለሁ። በየወሩ ቀይሩ ስትላቸው ፊታቸውንም አይቻለሁ። አንተ ተናግረህ ሄድክ፤ እኔ አብሬያቸው ቀረሁ።»

የምርጥ ተሞክሮው ሪፖርት ላይ «ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ወደ ሌሎች ቅርንጫፎች ለማስፋት አመቺ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። በየወሩ የሚለውን ሕግ አስነሳሁ። አስተባባሪው ሲቀር የሚያጸድቅ ተተኪ ሰው እንዲኖርም አስደረግኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ወደ ደሴ ለመመለስ መናኸሪያ ስደርስ ወይዘሮ ሐዋ ዘሀራን ይዘው ቆመዋል። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል፤ እሷም በዚያው አውቶቡስ ልትሄድ ነው። እናትየው ከሰው ለየት አድርገው ወሰዱኝና በአገጫቸው ወደ አውቶቡሱ በር ጠቆሙ። ሦስት ልጃገረዶችና አንድ ጎረምሳ እየተሳፈሩ ነው። ከደላላው ጋር የሚሄዱት ናቸው። እነሱም በደሴ በኩል ነው የሚያልፉት። ሁሉም የዘሀራ የሰፈር ጓደኞች ናቸው።

ወይዘሮ ሐዋ የልጃቸውን ሻንጣ እጄ ላይ አስያዙኝ። «እስከ ኮምቦልቻ አማና» አሉኝ።

ያን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያ ቀን የረዘመብኝ ግን የለም። ሻንጣውን ጉልበቴ መሀል አድርጌ ተቀመጥኩ። አቀስታ ለቁርስ ስንወርድ ይዤው ወረድኩ። ሻይ ስጠጣ እግሬን አስደገፍኩበት። ዘሀራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

«ወርቅ ያለው መሰለህ?» አለችኝ።

«አማና ነው» አልኳት።

«እኔ ብቻዬን ሪያድ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ።»

ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ጉሙና ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ተኛ፤ እኔ አልተኛሁም። ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ ጓደኞቿ ቀድመው ወረዱ። የሚወስዳቸው ሚኒባስ እዚያው ቆሟል። አንዷ ዞር ብላ «ዘሀራ፣ ነይ እንጂ» አለች።

ዘሀራ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። «ሻንጣዬን ስጠኝ።»

እጄ አልለቅ አለ። እናቷ የሰጡኝ እንዳትሄድ ነው። ሻንጣው ግን የእሷ ነው፤ ሕይወቱም የእሷ ነው። ብይዘው ያለ ሻንጣም መሄድ ትችላለች። ብጮህ ማንን ነው የምጠራው? ዓይኗን አየኋት፣ ምንም አላነበብኩም። ሰጠኋት።

ይዛው ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ለወይዘሮ ሐዋ ምን ብዬ እንደምደውል ማሰብ ጀምሬ ነበር። ዘሀራ ሚኒባሱ በር ላይ ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ ከፈተችው። አንድ ጥቁር አባያ አወጣች፣ ስስ ነው፣ ለበረሃ ይሆናል። ለዚያች ለጠራቻት ልጅ ሰጠቻት። አራቱንም አንድ በአንድ አቅፋ ሳመቻቸው። ከዚያ ሻንጣውን ዘግታ ተመልሳ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«የኮምቦልቻ መኪና በየት ነው?» አለችኝ።

ማሠልጠኛው በር ድረስ አደረስኳት። እዚያው ቆሜ ለወይዘሮ ሐዋ ደወልኩና መድረሷን ነገርኳቸው።

«አስገድደሃት ነው ወይስ ወዳ?» አሉኝ።

«ወዳ ነው» አልኳቸው።



እኔ እስከ ዛሬም እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ሰውን በር ላይ አቁሞ ማን ነህ እያሉ መጠየቅ። ያቺን ሻንጣ ይዤ አልለቅም ብል ኖሮ ዘሀራ ኮምቦልቻ ትደርስ ነበር ብዬ አላምንም፤ በእልህ ትሄድ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ያልበኛል። ከዚያ ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ወደ እኔ ስትመለስ ትታየኛለች፤ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።